ክብደቱ አልነሣ ሲል፦ የብረት ማንሳት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር አዲስ የተመዘገቡት ሁሉ የጀመሩት በባዶው ዘንግ ነው፤ እሱም 20 ኪሎ ይመዝናል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ እየተገናኘን ስኳት (ብረቱን በትከሻ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረቱን ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ዴድሊፍት (ብረቱን ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም) እና ብረቱን ቆሞ ከራስ በላይ መግፋትን ሠራን። ደንቡ አንድ ነበር፦ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ፣ አቋሙን ሳያበላሽ የጨረሰ ተማሪ በሚቀጥለው ልምምድ 2.5 ኪሎ ይጨምራል። የጀማሪ ሰውነት በሁለት ቀን ውስጥ አገግሞ ትንሽ በርትቶ ስለሚመለስ ደንቡ ለወራት ሠራ።

ተማሪዎቼ የክሮቶኑን የሚሎን ታሪክ ይወዱታል። በጥንታዊው ኦሊምፒክ በትግል ስድስት ጊዜ ያሸነፈው ይህ ግሪካዊ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፣ ጥጃው በሬ እስኪሆን ድረስ አብሮት ጠነከረ ይባላል። ግሩም አፈ ታሪክ ነው፤ የሰው ጉልበት ግን በየቀኑ እያደገ ሊዘልቅ አይችልም። በየካቲት ይህንን በዓይናችን አየነው።

መጀመሪያ ጭማሪው የቆመው ከራስ በላይ በሚገፋው ብረት ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ በ75 ኪሎ ስኳት ለሚሠራ ተማሪ 2.5 ኪሎ ከሦስት በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ 25 ኪሎ ለምትገፋ ተማሪ ግን አሥር በመቶ ነው። ስለዚህ ከወፍራም ላሜራ ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ክብ ብረቶች በያጅ ዘንድ አስቆረጥን። ተማሪዎቹ በአትክልት ነጋዴ ሚዛን አንድ በአንድ እየመዘኑ፣ የከበደውን በሞረድ እየሞረዱ አስተካከሏቸው። በአንድ ኪሎ ጭማሪ ሴቶቹ ተማሪዎች እንደገና መራመድ ጀመሩ።

ስኳቱ ግን በትንሽ ብረት ብቻ አልተፈታም። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ 75 ኪሎ ላይ ሦስት ልምምድ በተከታታይ መጨመር አቅቶት ቆመ፤ በመጨረሻው ዙር አራተኛው ጊዜ ላይ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ወገቡ ይጎብጣል። ተጨማሪ የልምምድ ቀን እንድሰጠው ለመነኝ። ልጆች ሲቆሙ ሰነፍን ብለው ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ስንፍና አይደለምና። በመጀመሪያ በዙሮች መካከል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ እንዲያርፍና እንቅልፉን እንዲያስተካክል አደረግን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበረ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ጠግቦ እንዲበላ ነገርነው። ክብደቱንም አሥር በመቶ ቀንሶ ከ67.5 ኪሎ እንደገና ወጣ። እዚያው ቦታ ዳግም ሲቆም የጀማሪነቱ ጊዜ እንዳለቀ ተረዳን።

ከዚያ በኋላ ጭማሪው በየልምምዱ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ሆነ። ሰኞ ከዓርቡ ክብደት 90 በመቶ ያህሉን በአምስት ዙር ይሠራል፤ ረቡዕ ቀለል ያለ ክብደት፣ ጥቂት ዙር፤ ዓርብ አንድ ዙር ብቻ፣ አምስት ጊዜ፣ በአዲስ ክብደት። የበረታን ሰውነት ለማነቃቃት የሚያስፈልገው ጫና ከፍ ያለ ስለሆነ ሁለት ቀን ለማገገም አይበቃውም። ከሁሉ የከበዳቸው ረቡዕ ነበር። ጉልበት እያለው ብረት መቀነስ ለወጣት ቀላል አይደለም፤ እኔ ግን በዚህ ቀን ፈጽሞ አልደራደርም።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተሻገሩም። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የገቡት አሁንም በየልምምዱ እየጨመሩ ነው፤ የነባሮቹን ዕቅድ መቅዳት ያዘገያቸዋል። ያው ተማሪ ራሱ በስኳት ወደ ሳምንታዊ ዕቅድ ቢሻገርም በዴድሊፍት ገና ጀማሪ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ዓርብ ዕለት በስኳት 87.5 ኪሎ አምስት ጊዜ ሠርቶ በደብተሩ መዘገበ።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በመስከረም ይከፈታል። ነባር አባላት ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ፤ ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ሁሉም ዝቅ ካለ ክብደት ተነሥተው፣ የቀድሞ ክብደታቸው እስኪመለስ ድረስ እንደገና በየልምምዱ ይጨምራሉ።