ስለ አባትህ መላጫ

ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? አባቴ ባረፉ ጊዜ የላክህልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ መልስ ሳልሰጥህ ግን ሦስት ዓመት አለፈ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስለ እርሳቸው መጻፍ ግድ ይሆንብኝና እተወው ነበር። ይቅርታህን እለምናለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እርሳቸው የምናገርበት መንገድ ስላገኘሁ ነው፤ የምጠይቅህም ነገር አለኝ።

ዕቃዎቻቸውን ስናስተካክል ከመሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ የጢም መላጫ አገኘን። በእጀታው ግርጌ ያለው መዘውር ሲዞር ከላይ ሁለት ክንፎች ተከፍተው ምላጩን የሚቀበሉ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ለዓመታት የደረቀ ሳሙና ስለ ያዘው አልዞር አለ። በጉልበት ላዞረው ስታገል ባለቤቴ ከእጄ ወሰደችና ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፈችው። ልጆቹም ጠዋትና ማታ ውሃውን እየቀየሩ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጸዱት ጀመር። በአራተኛው ቀን መዘውሩ ቀስ ብሎ ዞረና ክንፎቹ ተከፈቱ። ወንዱ ልጄ አሥር ጊዜ ያህል ከፍቶ ዘጋው፤ ተው ያለው ሰው አልነበረም።

ከመላጫው ራስ፣ ምላጩን ከሚይዘው ክፍል፣ ሥር ደግሞ ሴቷ ልጄ «ኢ» የተባለውን የላቲን ፊደልና 2 ቁጥርን አገኘች። መላጫውን የሠራው የጂሌት ኩባንያ በዚያ ዘመን ዓመቱን በፊደል፣ ሩብ ዓመቱን በቁጥር ያትም ነበር። «ኤ» 1955 ስለሆነ በጣቷ ቆጥራ 1959 ላይ ደረሰች (ዓመቶቹን የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቴ በዚያ ዓመት የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ መላጫው እንግዲህ የአያቴ ነበር ማለት ነው። አባቴ ይህን አልነገሩኝም፤ እኔም ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሲላጩ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ መላጫ ማደስ የቤተሰባችን ሥራ ሆነ፤ አሁን አሥራ አንድ ደርሰውልናል። አብዛኞቹ አካላቸው ናስ ስለሆነ እንደ ብረት አይዝጉም፤ በላያቸው ያለው የኒኬል ወይም የወርቅ ቅብ ግን እጅግ ስስ ነው። ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ልጆቹ በራሳቸው ገንዘብ የገዙትን ባለ ወርቅ ቅብ መላጫ በብረት መወልወያ ቅባት አብዝቼ ስፈትገው፣ ከእጀታው አንዱ ጎን ወርቁ ተገፍፎ ናሱ ወጣ። ልጆቹ ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን እስካሁን ያንን ጎን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ኮምጣጤም ቢሆን ነጩን የሳሙና ጓል ያሟሟል፤ ቅቡን ግን ሊበላው ስለሚችል በቤታችን ከልክለነዋል። የፈላ ውሃም እንዲሁ።

የመጨረሻውን ምርመራ የምታደርገው ባለቤቴ ናት። አዲስ ምላጭ ታስገባና ወደ ብርሃን አዙራ፣ ስለቱ በሁለቱም ጎን እኩል መውጣቱን ታያለች። በተለይ የቀድሞዎቹ ባለ ሦስት ክፍል መላጫዎች ወድቀው ማዕዘናቸው ሲታጠፍ ምላጩ ስለሚዛባ ፊት ይቧጥጣሉ፤ ጂሌት በ1930 የመላጫውን ራስና የምላጩን ቅርጽ የለወጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ወንዱ ልጄ ደግሞ ታሪኩን ይወዳል፤ በ1903፣ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ 51 መላጫዎች ብቻ እንደ ተሸጡ፣ በተከታዩ ዓመት ግን 90,000 ያህል እንደ ደረሱ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይነግራል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ልጆች ሳለን እንዳንነካው የተከለከልነው የአባትህ መላጫ፣ ያ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ የነበረው፣ አሁንም በእጅህ አለ? ካለ፣ ምላጭ እንዳለበት ተመልክተህ በጥንቃቄ አውጣው፤ ከዚያ ውጪ እባክህ አትወልውለው፤ በምንም ነገር አትፈትገው። ከራሱ ሥር ፊደልና ቁጥር ካለ ጻፍልኝ፤ ማዕዘኖቹ ታጥፈው እንደሆነም ንገረኝ። ሴቷ ልጄ ዓመቱን ለመቁጠር ከአሁኑ ተዘጋጅታለች።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ