የደህንነት ሥልጠናን ከፋይሉ ሳይሆን ከማሽኑ አጠገብ ፈትሹት

ለድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ሁኔታ ቁጥጥርን ለሚመራው ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የሥራ ላይ ደህንነት ሥልጠና ስለሚፈተሽበት መንገድ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በከተማችን ፋብሪካዎችና የግንባታ ቦታዎች የሙያ ደህንነትና ጤንነት ሥልጠና የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ የፊርማ ወረቀት ነው። ፊርማው ሠራተኛው አዳራሽ መዋሉን ይመሰክራል። ኮንቬየር (ዕቃ አጓጓዥ ቀበቶ) ሲታነቅ እጁን የት እንደሚያደርግ ግን አይመሰክርም።

የሲሚንቶ ኮንቬየርን እንውሰድ። የታነቀውን ለማጽዳት ከመግባት በፊት በአካባቢው ላሉት መናገር፣ ማሽኑን ማቆም፣ ዋናውን ማብሪያ መቁረጥ፣ በጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን በራስ ኪስ መያዝ፣ ስም የተጻፈበት ካርድ ማንጠልጠል፣ በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ከገባ ጓጉንቸሩም ሁለት ነው፤ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ቢወጣ የሌላው ቁልፍ ማሽኑን ይይዘዋል። ቶሎ የሚዘለለው የመጨረሻው እርምጃ ነው፣ ጊዜ የሚያባክን ይመስላላ። የተሳሳተ ማብሪያ መቆረጡ የሚታወቀው ግን እዚያ ላይ ነው። ይህን በስላይድ ያየ ሰው ቅደም ተከተሉን ይደግምላችኋል፤ በእጁ ያልሠራው ግን ፎርማኑ «ቶሎ በል» ሲለው ማጥፊያውን ብቻ ተጭኖ ይገባል። ደግሞስ ለሃያ የጥገና ሠራተኛ ሦስት ጓጉንቸር ብቻ ከተገዛ፣ ሥልጠናው ምን ያህል ቢያሳምነው በምን ይቆልፋል?

የሠራተኛውን አመለካከት የሚቀርጸው ከአሠልጣኙ ይልቅ የቅርብ አለቃው ነው። ፎርማኑ ራሱ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ ከዞረ፣ የግማሽ ቀን ትምህርት በዚያው ሰዓት ይፈርሳል። በስፌት መስመር ላይ የመርፌው መከለያ የሚነሳው በግድየለሽነት ብቻ አይደለም፤ ክር ሲበጠስ መልሶ ማስገባትን ያዘገያል፣ የሰፊዋ ክፍያ ደግሞ በሰፋችው ልብስ ቁጥር ነው። መከለያው ሳይስተካከል ወይም የምርት ግቡ ሳይታይ ሠራተኛዋን እንደገና ማሠልጠን ከንቱ ድካም ነው።

ሌላው ችግር ዝምታ ነው። «ለጥቂት ተረፍን» ብሎ የሚያመለክት ሠራተኛ በአለቃው ቁጣ ከተመለሰ፣ ወይም ቡድኑ «አደጋ የለም» በሚል የሚሰጠውን ጉርሻ ከተነጠቀ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይናገርም። ሪፖርቱ ያምራል፤ የላላው ብሎን ግን አሁንም እንደላላ ነው።

በእኛ ከተማ ሙቀቱም የሥልጠናው አካል መሆን አለበት። ከደጋ የመጣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ውስጥ የሚሠራው የመደበኛውን ሰዓት 20 በመቶ ያህል ሆኖ፣ በየቀኑ ሌላ 20 በመቶ እየተጨመረለት ሰውነቱ ቢላመድ ይሻላል። ውኃም ሲጠማው ብቻ ሳይሆን በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣ። ግራ የተጋባ፣ አነጋገሩ የተዛባ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ሙቀት እንደመታው ቆጥሮ ወዲያው ወደ ጥላ ማውጣት፣ ውኃ እያፈሰሱ ማቀዝቀዝና ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። «ትንሽ ይረፍ» ማለት አይሠራም።

ቋንቋውንም አትርሱብን። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚናገር ቡድን በአማርኛ ሰልጥኖ «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ለክብር እንጂ ገብቶት አይደለም። «እስቲ አሳየኝ» ከተባለ እውነቱ ይታያል።

ስለዚህ ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ የሥልጠና ፋይሉን ከማየታቸው በፊት አሠሪው ያልመረጣቸውን ሦስት ሠራተኞች ወደ ማሽናቸው ወስደው የመቆለፉን ሥራ ያሠሯቸው። ጓጉንቸሩን ይቁጠሩ፣ የተነሳ መከለያ ካለ ለምን እንደተነሳ ሠራተኛውን ለብቻው ይጠይቁ። ከቀን ሽፍት በተጨማሪ የማታውንም ይጎብኙ፤ አለቃ በሚጎድልበት ሰዓት የሚታየው ልማድ እውነተኛው ነው። ከሥልጠና በኋላ በአንድ ወርና በሦስት ወር ተመልሰው ይህንኑ ይድገሙት። ለመፈተሻው የሚሆን የአንድ ገጽ ቅጽ በሦስቱም ቋንቋዎች አዘጋጅተን ለቢሮው ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
በድሬዳዋ የሙያ ደህንነትና ጤንነት አሠልጣኞች