ዲግሪዋን በመያዣ አትያዙባት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን «ዩኒቨርሲቲ እንደ ድሮው በነፃ ይሁን» የሚል የአንባቢ ደብዳቤ ቁርስ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ግን ደመወዝ ሠርተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ ሥራዬ እሱ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ድርጅት ውስጥ ፔሮል እሠራለሁ። ወር በመጣ ቁጥር «ወጪ መጋራት» የምትለዋን አምድ የምሞላው እኔ ነኝ።

ለማያስታውሱ ልበል። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ መንግሥት ያስተምረው፣ ያበላው፣ ያሳድረው ነበር። በዚያ ዓመት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ወጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል ተባለ። ሲማር ግን አይከፍልም። ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። በ1996 ዓ.ም. ፔዳ፣ ማለትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ስገባ ያንን ፎርም ከሞሉት አንዱ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አላነበብኩትም። የፍራሽ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ማን ቆሞ ያነባል?

እናም በነፃ የሚማር ሰው ካጣን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖናል። ወጪ መጋራት ወይም ኮስት ሼሪንግ የሚባለው ዕዳ እስኪቆረጥበት ድረስ ግን ብዙው ተመራቂ ትዝ አይለውም።

ወደ ድሮው እንመለስ በሚለው አልስማማም። ያሳመኑኝ አንድ አሳ ሻጭ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሄጄ ከእሳቸው ቀረሶ እገዛለሁ። አንድ ቀን ቅርፊቱን በቢላዋ እየፋቁ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። ስድስት ልጆች አሏቸው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ የለም። «አንተስ ልጄ፣ ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«መንግሥት።»

«መንግሥትስ ከየት አምጥቶ?»

ብለው ሳቁ፤ አሳውን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። እሳቸው ቀልደው ነው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ሳሰላ ሄድኩ። ሽማግሌው ሳሙና ሲገዙ 15 በመቶ ቫት ይከፍላሉ። የሽምብጥ ሰፈሩ ባለ ፎቅም ያንኑ 15 በመቶ ነው የሚከፍለው። በሌላ አነጋገር የእኔን የትምህርት ወጪ እሳቸውም ከፍለዋል። ልጆቻቸው ግን የግቢውን በር ከውጭ ነው የሚያውቁት።

ደግሞስ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው የማን ልጅ ነው? የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ እሰየው። ግን እነዚህ ልጆች በብዛት ከየት እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ከከተማ ናቸው፤ ከአዳሪ ትምህርት ቤትና ቤተ ሙከራው ከሚሠራበት ግቢ ናቸው። በእኛ ክልል ግጭቱ ከመጣ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ተዘግተው የከረሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። የዚያ ወረዳ ልጅ 12ኛ ክፍልን መች አየና! ተጨማሪ ብር ካለ መጀመሪያ እዚያ ይሂድ ባይ ነኝ።

በሌላ በኩል አስቀድሞ ይከፈል የሚሉትም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በክፍያ የሚማሩ እየተቀበለ ነው፤ ሌሎቹ አንጋፋዎችም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም። መስከረም ላይ ረብጣ ብር ካላመጣህ አትገባም ቢሉኝ ኖሮ አባቴ በሬውን ይሸጥ ነበር። ወይም አይሸጥም ነበር፤ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ስለዚህ የተማረ፣ ሠርቶ ሲያገኝ ይመልስ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ያበላሸነው አሰባሰቡን ነው።

አንዲት ልጅ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። ደመወዟ 9,000 ብር ነው። ልክ እንደማሰላው ላስላላችሁ። የገቢ ግብር 1,400 ብር፣ ጡረታ በ7 በመቶ 630 ብር፣ ወጪ መጋራት በ10 በመቶ 900 ብር። እጇ ላይ የሚደርሰው 6,070 ብር ነው። ለአንዲት ክፍል ኪራይ 3,000 ብር ትከፍላለች፤ ያውም ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። በቀረው ትበላለች፣ በባጃጅ ትመላለሳለች፣ ለእናቷ ትልካለች። ዕዳዋ 34,000 ብር ነው። በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት አልፎት ያልቃል።

ግብሩ እንኳ ለድሃ ያስባል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የመጀመሪያዎቹ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ናቸው፤ ድሮ 600 ብር ነበር። ወጪ መጋራት ላይ ግን ደመወዝሽ ትንሽ ነው፣ ይቅርብሽ ብዬ ያለፍኩት ሰው እስካሁን የለም።

ከእሷ ጋር የተመረቀ አንድ ልጅ ደግሞ ሱቅ ከፍቷል። ስልክና መለዋወጫ ይሸጣል። በወር የእሷን ሦስት እጥፍ ያገኛል፤ እሷው ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች። ፔሮል የለውማ! አምስት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም። የእኔ ዓምድ የሚይዘው ደመወዝተኛውን ብቻ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ልጅቷ ፋይሏን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ጋሼ፣ አንዴ ላስቸግርህ።» የተሻለ ሥራ ወጥቶ ኖሯል፤ ኦርጂናል ዲግሪ አምጪ ብለዋታል። እሷ ያላት ቴምፖ፣ ጊዜያዊው ማስረጃ ነው። ተጣጥፎ ተጣጥፎ መሐሉ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ወረቀት ነው፤ በስኮች ለጥፋዋለች። ኦርጂናሉን ስትጠይቅ ዕዳሽን ጨርሺ ትባላለች። ዕዳውን ቶሎ እንድትጨርስ ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ያስፈልጋታል። የተሻለው ደመወዝ ኦርጂናል ይፈልጋል። ዲግሪዋ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖባታል። ላደርግላት የቻልኩት ዕዳዋ ከደመወዟ እየተቆረጠ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ማኅተም ማስመታት ብቻ ነበር። አልተቀበሏትም።

ይህ ነገር ገና ይከፋል። ለአንድ ተማሪ ለቀን ምግብ ይመደብ የነበረው 22 ብር በቅርቡ 100 ብር ገብቷል። ልጆቹ ጠግበው ይብሉ፤ በ22 ብር የሚበላውን ያየ ያውቀዋል። ግን ደንቡ የምግቡን ወጪ ሙሉ በሙሉ ተማሪው ላይ ነው የሚጥለው። በደንቡ መሠረት ከተሰላ፣ በዓመት 10 ወር የሚበላ ተማሪ ለምግብ ብቻ 30,000 ብር ይጻፍበታል። በ4 ዓመት 120,000 ብር ማለት ነው። በወር 900 ብር እየተቆረጠ 11 ዓመት ይፈጃል። ያን ሁሉ ዓመት በቴምፖ?

እኔ የምለው፣ ግብሩ ላይ እንዳለው ሁሉ እዚህም ላይ ወለል ይበጅ። ለኪራይና ለቀለብ የሚሆነው አይነካ፤ ከዚያ በላይ ያለው ላይ ይቆረጥ። ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል። ባለ ሱቁ በዓመት ግብሩን ሲያሳውቅ አብሮ ይጠየቅ። ቲን ቁጥር አለው፣ ፋይዳ አለው፤ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ዲግሪውን ግን ለባለቤቱ ስጡት። አገር ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ይክፈል ወይም ዋስ ይጥራ፤ በዚህ አልከራከርም። እዚሁ ሠርቼ ልክፈል የምትለዋን ልጅ መሥሪያዋን ነጥቆ ክፈዪ ማለት ግን ምን ይባላል? አሳ አጥማጁን መረቡን ነጥቆ አሳ አምጣ እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ አዘጋጆች። እኛ የማንደርስበት በር ለእናንተ ይከፈታል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት ስንት ብር ተሰበሰበ? ከዚህ ውስጥ ከተቀጣሪ ደመወዝ ያልተቆረጠው ስንት ነው? ብሩስ ምን ላይ ዋለ? ጠይቁልን። መልሱን እዚሁ ገጽ ላይ ካወጣችሁት አትሜ ለሽማግሌው አነብላቸዋለሁ። ቅዳሜ እንገናኛለን።

የፔሮል ሠራተኛው
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር