ወፍ ለማየት ስዊዘርላንድ ለምትሄዱ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ወፍ ለማየት ወደ ስዊዘርላንድ የሚያስቡ የድሬዳዋ ወገኖች ከሁሉ በፊት ወሩን ቢመርጡ ይበጃል። በሚያዝያና በግንቦት ሸለቆው ቢለመልምም ከ2,000 ሜትር በላይ በረዶው ገና አይለቅም፤ ብዙዎቹ የተራራ ኬብል መኪኖችም (በገመድ ተንጠልጥለው ሰው ወደ ተራራ የሚያወጡት) ለጥገና የሚቆሙት በዚሁ ሰሞን ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይሁን። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ቦታ ከተባለ ሎይከርባድ። መንደሯ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኬብል መኪናው ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጌሚ አፋፍ ላይ ያደርሳል። ገደሉን በቀስታ አስሱት። ዎልክሪፐር የምትባለው ወፍ እንደ ድንጋዩ ግራጫ ስለሆነች ዝም ካለች አትለይም። ገደሉን እየቧጠጠች ስትወጣ ግን ክንፏን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ያኔ ቀዩ ይታያል። እሱን ቀይ ጠብቁ። 8 በ42 የሆነ (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው) የርቀት መነጽር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በነፋስ መሃል እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ጢማሙ ጥንብ አንሳ ከአልፕስ ጠፍቶ በፈረንጅ 1986 እንደገና መለቀቅ የጀመረ ወፍ ነው። ደስ ያሰኛል፤ ግን በሰሜን ተራሮች ስላለን ሰዓታችሁን እዚህ ለማይገኙት ስጡ።

ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ በመጀመሪያው ኬብል መኪና ውጡ። የድሬን ሙቀት የለመደ ሰው በሐምሌም ጓንት አይርሳ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን