የሻጩም ስልክ ይጩህ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዲጂታል ክፍያ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። አብዛኛው ስለ ከፋዩ ነው፤ እንዴት እንደቀለለው፣ ኪሱ ከብር ጥቅል እንዴት እንደተገላገለ። እስቲ ዛሬ ለሻጩም ትንሽ ቦታ ስጡኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ።

ደንበኛዬ በብዛት ተማሪ ነው። ኮፒውን አስደርጎ፣ እስክሪብቶ ጨምሮ፣ ሒሳቡ ሲነገረው ስልኩን ያወጣል። ቴሌብር የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር ሾፌሩ ሁሉ በግዱ ለመደ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤም-ፔሳ መጣ። አሁን የሱቄ መስታወት ላይ ተጨማሪ ኪውአር፣ ያ በስልክ ካሜራ እየተነበበ የሚከፈልበት ምልክት፣ የሚለጠፍበት ቦታ የለም። አልከፋኝም። ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት መሮጥ ቀርቶልኛል፤ በመልስ ፈንታ ማስቲካ መስጠትም እንዲሁ።

የሚያስቸግረኝ ማረጋገጫው ነው። ወረቀት ላይ የታተመው ኪውአር የሚይዘው የእኔን መለያ ብቻ ነው። ስንት ብር እንደሚከፈል አያውቅም፤ ያንን የሚጽፈው ደንበኛው ነው። 45 ብር ብዬው 4.50 ቢጽፍ የሚከለክለው የለም። ከዚያ ስልኩን በባንኮኒው ላይ ያዞርልኛል። «ማዘር፣ ልኬያለሁ፣ እዪው።» አያለሁ፤ ግን የማየው የእሱን ስክሪን ነው። የዛሬ ይሁን የትናንት፣ ስክሪንሾት ይሁን እውነተኛ፣ ለእኔ ይሁን ለጎረቤት ሱቅ የተላከ፣ በፈተና ሰሞን ግፊያ ማን ያጣራል? አብዛኛው ልጅ ጨዋ ነው። ጥቂቱ ግን ይህን ቀዳዳ አሳምሮ ያውቀዋል።

እኔ ሱቅ ውስጥ ካለሁ ችግር የለም፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ ይገባል። ጉዱ የሚፈላው ሱቁን ለረዳቴ ትቼ ወረቀት ልገዛ መርካቶ ስወርድ ነው። ኮፒው የሚሸጠው አራት ኪሎ፣ መልእክቱ የሚገባው መርካቶ! ልጅቷ ትደውላለች። «እትዬ፣ 60 ብር ገብቷል?» ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ በዚያ ግፊያ መሀል፣ ቦርሳዬን በብብቴ ወትፌ ስልክ አውጥቼ ላንብብላት? መርካቶ ስልክ አውጥቶ መቆም ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ያውቀዋል። ካላነሳሁላት ወይ ደንበኛ ታስቀይማለች ወይ ዝም ብላ ትሸኛለች። ማታ ሒሳቡ ሲጎድል ደግሞ ሁለታችንም አንገታችንን እንደፋለን። ጥርጣሬው ከጎደለው ብር በላይ ይከብደኛል።

ከባንኮቹ አንዱ ዘንድ ሄጄ ማረጋገጫው ለረዳቴ ስልክም እንዲደርስ ጠየቅኩ። «ሲስተሙ አይፈቅድም» አሉኝ። ሲስተም አይፈቅድም ከተባለ እንግዲህ ይግባኝ የለውም።

ህንድ አገር ትንንሽ ሱቆች ባንኮኒ ላይ አንዲት ድምፅ ማጉያ ትቀመጣለች። ሲም ካርድ አላት። ክፍያ ሲገባ «ይህን ያህል ሩፒ ደርሷል» ብላ በአገሬው ቋንቋ ትናገራለች። ሻጩም ይሰማል፣ ደንበኛውም ይሰማል፣ በቃ። ስልክ ማገላበጥ የለ፣ መጨቃጨቅ የለ። እንዲህ ያለችው ዕቃ በእኛ ቋንቋዎች እየተናገረች፣ በእኔ ዓይነቱ ሱቅ አቅም ብትቀርብ ነገ ጠዋት እገዛለሁ።

ስለ ክፍያ ካነሳሁ አይቀር፣ ካፌ ውስጥ በባንክ ካርድ ሲከፈል የማየው ነገር ያሳቅቀኛል። አስተናጋጁ ካርዱን ይዞ ይሄዳል፤ ተመልሶ «ፒን ቁጥር?» ይላል። ሰውዬውም ጠረጴዛው ሁሉ እየሰማ ይናገራል! እኔ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ፊቴን አዞራለሁ። ማሽን ላይ ጠጋ ተደርጎ የሚከፈልበት ካርድ ቢለመድ ይሄ ይቀንስ ነበር። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ውስጡ ባለው ቀጭን አንቴና ኃይሉን ከማሽኑ ያገኛል። የሚሠራውም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲጠጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ደንበኛው ይመጣል እንጂ ካርዱ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ፒን ካስፈለገም ራሱ ይነካካዋል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ማረጋገጫው በሻጩ ማሽን ላይ መውጣቱ ነው። ለሁለት ገጽ ኮፒ ማሽን መግዛት አያዋጣም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ሆኖም እንዲህ ያለውን ካርድ ሲጠጋ ማንበብ የሚችል ስማርት ስልክ ራሱ ማሽን ሆኖ መሥራት ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ጡረተኛ አባቶች መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ሲመጡ ጥሬ ብር ነው የሚሰጡኝ። ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። «ካሽ አንቀበልም» ብሎ ሽማግሌ የሚመልስ ሱቅ ያናድደኛል።

ባንኮቹንና የስልክ ገንዘብ አቅራቢዎቹን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ነጋዴ ሲመዘገብ ፎርሙ ላይ የሠራተኛ ስልክ ቁጥር የሚሞላበት አንድ መስመር ይጨመር። ያ ቁጥር ብር ማውጣትም ማዛወርም አይችልም፤ ገንዘብ መግባቱን ብቻ ያያል። ብሔራዊ ባንክም ይህን ግዴታ ቢያደርገው ጥሩ ነው። መስከረም ሲጠባ የተማሪው ወረፋ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ቢደርስልን።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከአራት ኪሎ