ለበልግ ጓሮ የሚሆን ምክር በጊዜው ይውጣልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጋዜጣችሁ ስለ ጓሮ አትክልት አልፎ አልፎ የሚያወጣቸውን ምክሮች በደስታ ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። ጠቃሚ መሆናቸውን አልክድም፤ ሆኖም ደሴ ላይ ሆኜ ሳነባቸው ሁለት ነገሮች ይጎረብጡኛል። አንደኛው፣ አብዛኞቹ የዓመቱን ሥራ ከሰኔ ዝናብ ጋር ስለሚያስጀምሩ የወሎን በልግ በአንዲት መስመር ጠቅሰው ማለፋቸው ነው። ሁለተኛው፣ አንባቢውን ደብተር ይዞ፣ መደቡን በሜትር ለክቶ፣ የዘራበትን ቀን መዝግቦ የሚጠብቅ ሰው አድርገው መነሣታቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችንም አይጠፋም፤ የሚበዛው ግን ሳምንቱን በሥራ ተወጥሮ ከርሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዶማ የሚያነሣ፣ ዛሬ ነገ ሲል ወቅቱ የሚያልፍበት፣ የገዛውን ዘር የት እንዳስቀመጠው የሚጠፋበት፣ ባጭሩ እንደ እኔ ዕቅዱ ዝርክርክ የሆነ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚሆን የበልግ ምክር፣ ሥራው ከመድረሱ በፊት በጋዜጣው እንዲወጣ ለመጠየቅ ነው።

በልግ በሚቲዮሮሎጂ አከፋፈል ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ነው። ዝናቡን የሚያመጣው በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ሲሆን፣ የወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋትና ደጋው የዚህ ዝናብ ተካፋይ ናቸው። ጎጃም ያለ አንባቢ መጋቢትን የደረቅ ወር አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ለለጋምቦ፣ ለወረኢሉ፣ ለደሴ ዙሪያና ለኩታበር ደጋ ግን በልግ ገብስ የሚዘራበት፣ አንዳንዱ ቀበሌም የዓመት ቀለቡን የሚጠብቅበት ወቅት ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ከድቶ፣ ክረምቱም ሳይክስ ቀርቶ የደረሰውን መከራ ወሎ የሚረሳው አይደለም። የጓሮ አትክልት ከዚያ ጋር የሚነጻጸር ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይሁንና አንዲት መደብ ጎመንም የምትጠጣው ያንኑ ዝናብ ስለሆነ፣ የዝናቡን ጠባይ ወደ ጎን ትቶ ስለ በልግ ጓሮ መምከር አይቻልም።

ጠባዩ ደግሞ አታላይ ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ አንድ ሌሊት ደህና ዝናብ ይጥልና በማግሥቱ አቧራው ተኝቶ፣ አፈሩ ሸትቶ፣ ጦሳ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ጓሮውን ዞር ብሎ ያላየው ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ይቆፍራል፣ በዚያው ቅዳሜ መደብ ያወጣል፣ ከመምሸቱ በፊትም ያለውን ዘር በሙሉ ዘርቶ ይጨርሳል። ቀጥሎ ሁለትና ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሲሆን ብቅ ያለው ቡቃያ እንደ ክር ቀጥኖ ይደርቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው፤ የበልግ ዘር ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀምም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ብሰጥ ደስ ይለኛል። በልግ ቀኑን የማይጠብቅ ዝናብ በመሆኑ፣ «መጋቢት አምስት ካሮት፣ መጋቢት አሥር ቀይ ሥር» ብሎ ሰሌዳ የሰቀለውን ሥርዓተኛ ሰውም እኩል ያጭበረብረዋል። እንዲያውም ዝርክርኩ በአንድ ነገር ይሻላል፤ የሚታመንለት ቀን ስለሌለው ምልክቱን ካወቀ እንደ ምልክቱ ለመሥራት አይቸገርም። ምልክቱም ቀላል ነው፤ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ከሥር ያለውን አፈር በእጅ መጨበጥ ነው። ሲጨብጡት ተጣብቆ ቅርጽ ከያዘ፣ በጣት ሲነኩት ደግሞ ከተፈረፈረ እርጥበቱ ወርዷል፣ መዝራት ይቻላል። ከላይ ረጥቦ ከሥሩ ዱቄት ከሆነ ሌላ ዝናብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ደብተርም የቀን መቁጠሪያም አያሻም።

ነገር ግን ሁሉ ነገር በምልክት አይሠራም። በእኔ እምነት የጓሮ ምክር ጸሐፊዎች ትልቁ ጉድለት በጊዜው ካልተጀመረ በኋላ የማይካካሰውንና በፈለጉት ሰዓት ሊሠራ የሚችለውን ለይተው አለመንገራቸው ነው። አንባቢው ሃያ ትእዛዝ እኩል ክብደት ተሰጥቶት ሲያነብ ሃያውንም ይተዋል። ለበልግ ጓሮ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት የዘር ድንች፣ ችግኝና ፍግ ብቻ ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ከሁሉም ድንቹ ይብሳል። ከክረምቱ ሰብል የተገኘ ድንች ከተቆፈረ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ሳያቆጠቁጥ ይተኛል፤ ስለዚህ በየካቲት የሚተከለው ከሕዳርና ከታኅሣሥ ጀምሮ መዘጋጀት አለበት። ብዙዎቻችን የምናደርገው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ወይም ከዕቃ ቤት ጥግ መርሳት ነው። በጨለማ የቆየ ድንች ነጭና ረጃጅም ቡቃያ ያወጣል፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ከረጢቱ ሲፈታ ግማሹ እየተቀነጠሰ ይወድቃል፤ የተረፈውም ሲተከል አቅም የለውም። የእንቁላል ያህል መጠን ያላቸውን መርጦ፣ በአንድ ደርብ ብቻ በቆጥ ወይም በሣጥን ላይ ዘርግቶ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ነገር ግን ብርሃን በሚገባበት በረንዳ ቢያኖሩት ግን ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይሆናል፤ ሲተከልም በቶሎ ይነሣል። ከተዘረጋ በኋላ የሚፈልገው እንክብካቤ ስለሌለ ለዝርክርክ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ድንች እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከ90 እስከ 120 ቀን ስለሚፈጅ፣ በየካቲት የተተከለው በሰኔ አካባቢ ይደርሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታም ያመልጣል። አንድ ወር ከዘገየ ይህ ጥቅም አብሮ ይሄዳል።

ችግኝን በተመለከተ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ዝናቡ እስኪገባ ሊጠብቁ አይችሉም። ጥቅል ጎመንና ቲማቲም በመደብ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቃሪያ ደግሞ እስከ ሁለት ወር ይቆያሉ። ለአንድ ቤት ጓሮ ግን ከጎኑ ተቆርጦ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካን በቂ ስለሆነ፣ በጥር አጋማሽ አፈር ሞልቶ መዝራትና ከቤት በተረፈ ውሃ ማርጠብ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ዘሩን መፈተን ይገባል። ባለፈው ዓመት ተከፍቶ በቆርቆሮ ውስጥ የተረሳ ዘር መብቀሉን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ በተለይ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ከሚሞቱት ነው። ሃያ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ማቆየትና ከግማሽ በታች ከበቀለ ሌላ መግዛት፣ አንድ ሙሉ ወር ባዶ መደብ ሲያጠጡ ከመክረም ያድናል።

ስለ ፍጉ ብዙ አልልም። ትኩስ ፍግ፣ በተለይ የዶሮ፣ ሥር ያቃጥላል፤ በልጉ ሲገባ የሚጨመረው በመስከረምና በጥቅምት ተከምሮ አልፎ አልፎ የተገለበጠው ነው።

የቀረው ሁሉ በዝርክርክነትም ይሠራል። ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና የሐበሻ ጎመን ምልክቱ ታይቶ በፈለጉበት ቅዳሜ ቢዘሩ አያኮርፉም። ካሮት ብቻ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይበቅል ሊያስጨንቅ ስለሚችል መደቡን እስኪበቅል በስስ ሣር መሸፈን ይረዳዋል። ዘሩን በአንድ ቀን አለመጨረስም ደግ ነው፤ አንድ እፍኝ ዛሬ፣ አንድ እፍኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተዘራ ሰላጣ በአንድ ሳምንት አብቦ ከመጣል ይድናል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ጎመን ስቀነጥስ በአጥሩ በኩል አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ አናቱን አትንካው እንጂ ከሥር ከሥሩ ያለውን ብትወስድ እስከ ክረምት ያበላሃል» ብለውኛል። ለአንድ ገጽ የተጻፈ የጎመን ምክር ከዚህ የበለጠ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ጋዜጣው ለሁላችንም አንድ ሰሌዳ እንዳያወጣ የምለምንበት ሌላው ምክንያት ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ባይበልጥ፣ በየሺሕ ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ገደማ የሚለወጥ ሙቀት አለና በሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ የኮምቦልቻው ዘመዴ በስልክ «ቲማቲሜ አብቧል» ሲለኝ የእኔው ገና ከብርዱ ጋር ሲታገል መገኘቱ የእጅ ጉዳይ አይደለም። በተቃራኒው የእኔ ሰላጣ በሚያዝያ ለምልሞ ሲታይ የእሱ በሙቀቱ ተመዝዞ መርሯል። ባቲ ደግሞ ከዚህም ወርዳ ሌላ ዓለም ናት።

ወሎ ላይ የጓሮ ዕቅድ ሌላም የሚያዛባው ነገር አለ። አትክልት ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው በጾም ነው፤ የጾሙ ጊዜ ግን ይዘዋወራል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት መካከል ሲገባ፣ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ሲጀምር ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገብቶ፣ በአንድ ግቢ የአንዱ ቤት የሽሮና የጎመን፣ የሌላው ቤት የሾርባና የሳምቡሳ አትክልት ፍላጎት በአንድ ወር ገጥሞ ነበር። በየካቲት አጋማሽ ካሮት ለመንቀል የፈለገ ሰው ወደ መቶ ቀን ገደማ ወደ ኋላ ቆጥሮ በሕዳር መጀመሪያ መዝራት ይኖርበታል፤ ሕዳር ግን ደሴ ላይ ደረቅና ውርጭ የሚሠጋበት ወር ነው። ውሃ ያለው ካሮቱን ይሞክረው፤ ቲማቲሙን ግን ለቆላው ቢተወው ይሻላል። ረመዳንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጥርና ወደ ታኅሣሥ ስለሚመለስ፣ በዘንድሮው ቀን ተመሥርቶ የታተመ ምክር ተቆርጦ ቢቀመጥም አያገለግልም። ይህን ቆጠራ በየዓመቱ ሠርቶ ማቅረብ ለአንድ ጋዜጣ የሚያስቸግር አይመስለኝም።

የግንቦቱ ክፍተትም አለ። በልጉ ካበቃ በኋላ ክረምቱ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ደረቅ ሳምንታት ይመጣሉ፤ ውሃ በፈረቃ በሚደርሰው ቤት ያ ወቅት ጓሮ የሚተውበት ነው። በአትክልቱ ሥር ደረቅ ሣር ማልበስና ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ ማጠራቀም ያሻግራል፤ መደብ ማብዛት ግን ራስን መቅጣት ነው። ውሃ ለሁለት መደብ የሚበቃው ሰው በየካቲት ስድስት መደብ ባያወጣ ይመረጣል።

እንግዲህ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ጋዜጣው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቢዘገይ ከጥምቀት በፊት፣ ለምሥራቁ አማራ አካባቢ የበልግ ጓሮን የሚመለከት አንድ አጭር ጽሑፍ ቢያወጣ፣ ለደጋው፣ ለወይና ደጋውና ለቆላው ለየብቻው ቢለይልን፣ ከቀን ቁጥር ይልቅ በምልክት ቢነግረን፣ ቀድሞ የግድ የሚሠራውንም ከሌላው ለይቶ ከላይ ቢያስቀምጥልን ትልቅ ውለታ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያውን ወቅቱ ሳይገባ ስለሚያወጣ፣ ከዚያ ለወሎ የሚመለከተው ክፍል በጥቂት መስመር አብሮ ቢታተም ደግሞ ምክሩ ከዝናቡ ጋር ይገናኛል። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው የግብርና ባለሙያ ቢሆን መልካም ነው፤ የሚያርመው ግን ጓሮ ያለው ሰው ይሁን። በመጋቢት የሚወጣ የበልግ ምክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

በመጨረሻም፣ ጽሑፉ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከጀርባው ማስታወቂያ ብቻ ባለበት ቦታ ቢታተምልን እጠይቃለሁ። ጋዜጣው በሳምንቱ ለቆሎ መጠቅለያ በሚውልበት ቤት፣ ሌላ ቁም ነገር ሳይጎዳ በመቀስ ተቆርጦ ከወጥ ቤት በር ጀርባ የሚለጠፍ ምክር ብቻ ነው እስከ የካቲት የሚደርሰው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ደሴ