ለማስተዋል፣ ወደ ካምብሪያ ከመመለስሽ በፊት

ልጄ ማስተዋል፣

በሰሜን እንግሊዝ፣ በካምብሪያ ስላሉት በግ አርቢዎች ሠርተሽ የሰጠሽንን ፊልም ትናንት ማታ ከእናትሽ ጋር ሁለት ጊዜ አየነው። እናትሽ በመጀመሪያው አለቀሰች፣ በሁለተኛው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሣር የለበሰው ቁልቁለት ላይ የሞተር ጥላ ያልፋል፤ በጥላው ላይ ሁለት ሰው አለ። ከኋላ ካሜራ ታቅፋ የተቀመጠችው ማን እንደሆነች አባት አይጠየቅም።

ያ ባለ አራት ጎማ ሞተር የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ነጂው ሚዛኑን የሚጠብቀው ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ ነው፤ ከኋላው ሰው ከተቀመጠ መዘንበያ ያጣል። ሲገለበጥ ደግሞ ከላይሽ ነው የሚያርፈው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ጎማ ስናገር ስሚኝ። አትሳፈሪበት። በእግርሽ ውጪ።

ፊልሙ መጥፎ አይደለም። ሽማግሌው እረኛ የፈረሰውን ካብ ሲክቡ ያሳየሽበት እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው። ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ፊት፣ መሐሉን በጠጠር መጠቅጠቅ፣ አልፎ አልፎ ረጅም ድንጋይ አጋድሞ ሁለቱን ፊት ማሰር። አንዴ ያነሡትን ድንጋይ መልሰው መሬት አላስቀመጡም፤ እጃቸው ውስጥ እያገላበጡ ቦታውን ይፈልጉለታል። አያትሽም እንደዚሁ ነበሩ። የገብሱን ማሳ ካብ ሲጠግኑ ድንጋይ አቀባያቸው እኔ ነበርኩ፤ ያቀበልኩትን ሲጥሉብኝ አላስታውስም።

ያ ሁሉ ጭጋግ ግን ምን ያደርጋል? አራት ደቂቃ ጭጋግና ሙዚቃ! እዚያው ካምብሪያ ያለው ሌክ ዲስትሪክት እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ተራራውና ሐይቁ ብቻ አይደለም የተመዘገበው፤ የበግ እረኞቹም ኑሮ አብሮ ነው። እ.ኤ.አ. የ2001ዱን ወረርሽኝ ደግሞ በግማሽ ደቂቃ አለፍሽው። የአፍና የእግር በሽታ ገብቶ በመላው አገሪቱ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳ ሲታረድ እንደ ካምብሪያ የተጎዳ አልነበረም። አንቺ አራት ዓመትሽ ነበር። ከብቶቹ እግራቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ተከምረው ሲቃጠሉ በቴሌቪዥን ሲያሳዩ አጥፍቼብሽ ነበር።

ሽማግሌው ያሉትን ደግመሽ ስሚው። ኸርድዊክ የሚሏቸው በጎች ተራራው ላይ አጥር የላቸውም፤ ግልገሏ ድንበሯን የምታውቀው እናቷን ተከትላ ነው፣ እናቲቱም ከእናቷ። መንጋው በሙሉ ካለቀ፣ ከሌላ አገር ገዝተሽ ብታመጪ ተራራውን የሚያስተምራት የለም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገሽ ዋሽንት የመሰለ ነገር ለቀቅሽበት።

እኔም ብሆን ለመቆጣት አፍ የለኝም። አያትሽ ሲያርፉ እኔ እዚህ ባዕድ አገር እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። የቴፑን ነገር ግን ለእናትሽም ነግሬ አላውቅም።

በ1976 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከምግቤ ቀንሼ የገዛኋትን ቴፕ ይዤ ከአዲስ አበባ መንዝ ገባሁ። አያትሽ የጎረቤት ልጅ ድምፁን ቀድቼ መልሼ ሳሰማው አዩ። ማታ እሳት ዳር ጠጋ አሉኝና «የጓሳውን ነገር ልንገርህና ቅዳኝ» አሉ። ሣሩ ለዓመታት እንዴት ተከልሎ ይጠበቅ እንደነበረ፣ ማን ይጠብቀው እንደነበረ፣ ሲከፈትም ማን ምን ያህል እንደሚያጭድ። ቄሮው፣ ያ የጓሳው አጠባበቅ ሥርዓት፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርቶ ነበርና የሚነግሩት ሰው ቢያጡ ነው እንግዲህ። እኔ «ባትሪው ያልቃል፣ ነገ» አልኩ። ባትሪውን የቆጠብኩት ለዘፈን ነበር። ነገ መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ኩሩ ሰው ነበሩ።

ሽማግሌው «ጸጉሩ የሸላቹን ዋጋ እንኳ አይመልስም» ሲሉ እናትሽ ብድግ ብላ የአያትሽን ከበግ ጸጉር የተሠራ ባና ከቁም ሣጥን አወጣች። እስካሁን ጢስ ጢስ ይላል። ሻንጣሽ ውስጥ አድርጋዋለች፤ ከበደኝ ብለሽ እንዳታወጪው፣ ሚያዝያ ነው ብለሽ ብርዱን አትናቂው። ለሽማግሌውም አሳያቸው፣ በእጃቸው ይዳስሱት።

ሌላ። የወንድምሽ ሚስት አምስተኛ ወሯ ነው። በጎቹ ሲወልዱ የዋልሽበትን ልብስና ቦት ጫማ ይዘሽ እሷ ዘንድ እንዳትገቢ፤ እዚያው አጥበሽ ነይ። ከወላድ በግ የሚመጣው በሽታ ጽንስ ያስወርዳል። ሣር ውስጥ ተኝተሽ ካነሣሽ ማታ እግርሽን ለመዥገር ፈትሺ። ሞተሩን አልደግመውም ብዬ ነበር፤ ደገምኩት። ዝናብም ቢመጣ፣ ካሜራውም ቢከብድ፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» ቢሉሽም አትሳፈሪበት።

የመጨረሻ ነገር። ሽማግሌው የአያቶቻቸውን የበግ ቆጠራ ሲቆጥሩ ያን፣ ታን፣ ቴዘራ፣ ሜዘራ፣ ፒምፕ እያሉ ሄዱና አሥራ አምስት ላይ ሲደርሱ፣ «ቡምፊት» ሲሉ፣ ሁላችሁም ሳቃችሁ። ፊልሙም ወደ ውሻው ዞረ። አፋቸው ገና ክፍት ነበር። ዛሬ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አየሁት፤ ቆጠራው የሚያልቀው ሃያ ላይ ነው፣ «ጂጊት» ሲባል። ያኔ እረኛው አንድ ጠጠር ወደ ኪሱ ከትቶ ከአንድ ይጀምራል።

ከመጀመሪያው አስቆጥሪያቸው። ሁለት ትርፍ ባትሪ ገዝቼ በሻንጣሽ የጎን ኪስ አድርጌልሻለሁ፤ ሻጩ ለካሜራሽ ይሆናል ብሎኛል፣ ዛሬውኑ ሞክሪው።

አባትሽ